ከወንዙ በኩል ሰባተኛው ቡና

ታቢታ ረግታ መቀመጥ ካቃታት አራተኛ ቀኗ ነው። ወንበሯን ስባ ትቀመጥና ማንም ሳይጠራት ብድግ ትላለች። መስኮቱን ትከፍታለች፤ ወዲያው ትዘጋዋለች። የቆጠራ ቅጾቹን በዓመት ደርድራ ስትጨርስ አፍርሳ በቦታ ትደረድራቸዋለች። የምርምር ጣቢያው ሾፌር ገላና በሩን ተደግፎ ሲያያት ቆየ።

«ታቢ፣ ጉንዳን ገብቶብሻል እንዴ?»

«ሂድ ወደዚያ።»

«የት ልሂድ? ነገ የቡ የምወስድሽ እኔ ነኝ። እንዲህ እየተቁነጠነጥሽ ከሆነ ወንበሬን ትበሺዋለሽ።»

ነገሩ የጀመረው ሰኞ ዕለት ነው። አዲሷ የክፍል ኃላፊ ዶክተር ሰሎሜ አስጠራቻትና ሁለት ነገር ነገረቻት። ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ቅዳሜ፣ የሙከራ ቦታው ባለባት የቡ ላይ የሟቹ የቀድሞ ኃላፊ የዶክተር ልዑል መታሰቢያ ይደረጋል። ዶክተሩ አሥራ ሁለት ዓመት ሲከታተሉት ከኖሩት የቡና ዛፍ፣ በሽታ አይደፍረውም ከተባለው ከሰባት ቁጥር፣ ዘር ተለቅሞ ለሠላሳ ገበሬ በየእፍኙ ይታደላል። ዘሩ በስማቸው ይጠራል። ሁለተኛው ነገር፣ አብራቸው ከሁሉም በላይ የሠራችው ታቢታ ስለሆነች መድረክ ላይ ወጥታ አምስት ደቂቃ ትናገራለች።

«ዘሩንም የምትለቅሚው አንቺ ነሽ» አለች ዶክተር ሰሎሜ። «ሰባት ቁጥር የቱ እንደሆነ ካንቺ በቀር የሚያውቅ የለም።»

ታቢታ «እሺ» ብላ ወጣች። ኮሪደሩን ሳትጨርስ ግን ያቺ የመጨረሻ ንግግር እንደ እሾህ ወጋቻት። ካንቺ በቀር የሚያውቅ የለም።

አባቷ ከከምባታ ቡና ለቀማ ብሎ መጥቶ ጅማ የቀረ ሰው ነው። ወደ ሰቃ በሚወስደው መንገድ ዳር በተከራዩት ቤት ውስጥ አደገች፤ አሥረኛ ክፍል ጨርሳ ሥራ አጥታ ስትንከራተት የምርምር ጣቢያው ለክረምት ቆጠራ የቀን ሠራተኛ ይፈልጋል ሲባል ሰማች። ሥራው ቀላል ይመስላል። የቡና ፍሬ በሽታ በክረምት እርጥበት አረንጓዴውን ፍሬ ይይዝና ያጠቁረዋል። ምልክት የተደረገበትን ቅርንጫፍ ይዞ ጤነኛውንና የጠቆረውን ለይቶ መቁጠር ነው። ዝናብ ይወርዳል፣ ጣት ይደነዝዛል፣ ዓይን ይፈዛል፤ ከሰዓት በኋላ አብዛኛው ሰው በግምት ይጽፋል።

በሥራዋ የመጀመሪያ ቀን ወደ ማታ ዶክተር ልዑል ሠራተኞቹ ከቆጠሯቸው ቅርንጫፎች አንዳንዱን መርጠው ራሳቸው ደግመው ቆጠሩ። የታቢታ ጋ ሲደርሱ አንገታቸውን ነቀነቁ።

«አንቺ ልጅ፣ መቶ አርባ አራት ጽፈሻል። እኔ መቶ አርባ ሦስት አገኘሁ።»

«አንዷ ስቆጥር ወደቀች። እዚያው መሬት ላይ ናት።»

ዶክተሩ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ አውጥተው ጭቃው ውስጥ ተንበረከኩ። ሠራተኛው ሁሉ ሳቀ። እሳቸው ግን ቅጠሉን በጣታቸው እየገለጡ ፈልገው ፍሬዋን አገኟትና በመዳፋቸው ይዘው ተነሡ። በማግሥቱ ለታቢታ ደብተርና እርሳስ ሰጧት። እርሳሱ ጫፍ ላይ የነበረውን ላጲስ ዓይኗ እያየ በጉጠት ቆርጠው ጣሉት።

«እዚህ ቤት ላጲስ የለም። ስትሳሳቺ አንድ መስመር ታሰምሪበታለሽ፤ ስህተቱ ከመስመሩ ሥር መነበብ አለበት። ትክክለኛውን አጠገቡ ትጽፊና ስምሽንና ቀኑን ታደርጊያለሽ። ገባሽ?»

«እስክሪብቶ አይሻልም?»

«ዝናቡ ያጥበዋላ!»

አሥራ ዘጠኝ ዓመት እንደዚያው ዘለቀ። በማታ ትምህርት ዲፕሎማ እንድትይዝ የገፋፏት እሳቸው ናቸው፤ ቋሚ ሠራተኛ እንድትሆን በየቢሮው ደጅ የጠኑት እሳቸው ናቸው። በጾም ወራት ሽሮ ፍትፍታቸውን ይዘው ሲመጡና እሷ እንቁላሏን ስትልጥ፣ «ጴንጤዋ፣ በየትኛው አቅጣጫ እንደሚሸት እያየሽ ተቀመጪ» ይሏትና ጀርባቸውን አዙረው ይበላሉ። ለወረቀት ሥራ ሰነፍ ነበሩ፤ ስብሰባ ይጠላሉ። በዛፍ ላይ ግን ቀልድ አያውቁም። የቡ ላይ ያለችውን የሙከራ ቦታ ሲያደራጁም አንድ ሕግ አወጡ፤ ረድፉ የሚቆጠረው ሁልጊዜ ከወንዙ በኩል ነው።

«ለምን ከወንዙ?» ብላ ጠይቃቸው ነበር።

«መንገዱን ማንም ተነሥቶ ያዛውረዋል። ወንዙን ለማዛወር ግን ትንሽ ይቸግራል።»

አሁን ካረፉ ሰባት ወር ሆኗቸዋል። ጉበታቸው ነው የወሰዳቸው። ታቢታን እንቅልፍና ዕረፍት የነሳት ግን ሞታቸው ብቻ አልነበረም። ከመሞታቸው በፊት፣ አምና መስከረም ላይ፣ ከአልጋቸው ሆነው ደውለውላት ነበር።

«ታቢታ፣ ሰባት ቁጥር ምን ነክቶት ነው? ከመቶው ሃያ ሁለት ታሟል ብለሽ ጽፈሻል።»

«ዝናቡ ነው ዶክተር። ዘንድሮ ያልታመመ የለም።»

ትንፋሻቸው በስልኩ ውስጥ ይሰማ ነበር። ከዚያ ቀስ ብለው፣ «ከየት በኩል ነው የቆጠርሽው?» አሉ።

ታቢታን ንዴት ሽው አላት። ከአሥራ ስምንት ዓመት በኋላ እንደ ጀማሪ ልትጠየቅ? «ከወንዙ ነዋ! ከየት ልቆጥር ኖሯል?»

«እሺ፣ በቃ እሺ» አሉና ዘጉት።

ከዚያ ወዲህ ስለ ሰባት ቁጥር አልተነጋገሩም። ዘንድሮ ክረምት ደግሞ ክፍሉ ያለ ኃላፊ ስለከረመ ቆጠራው ሳይካሄድ ቀረ። ሰኞ ዕለት ኮሪደሩ ላይ እሾህ ሆኖ የወጋት ያ «ነዋ» ነው። በእርግጥ ከወንዙ ነበር?

ዐርብ ጠዋት ገላና ከጅማ ይዟት ወጣ። የቡ እስኪደርሱ ድረስ መስታወቱን ስታወርድና ስታወጣ እጀታው በእጇ ላይ ሊቀር ምንም አልቀረውም። መኪናው አዲሱን የኮረት መንገድ ይዞ ከሙከራ ቦታው በላይ ቆመ። የመሬቱ ባለቤት ሐጂ ጠሃ አጥራቸው ሥር ከዘራቸውን ተክለው ይጠብቋቸዋል።

«አካም ጅርቱ፣ ሐጂ?» አለ ገላና ዝቅ ብሎ።

«አልሐምዱሊላህ! የመንገዷን ልጅ አመጣህልኝ?»

ታቢታ የሰላምታውን ቀልድ ልብ ሳትለው ቅርጫቷን ይዛ ገባች። ከላይ ወደ ታች የቆርቆሮ ቁጥሮቹን እያየች ወረደች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ሰባት ቁጥር ጋ ቆመች። ቀይ ፍሬ አለው። በየቀዩ መካከል ግን ደርቀው ቅርንጫፉ ላይ የቀሩ ጥቋቁር ፍሬዎች ተሰግስገዋል። አንዱን ስትጫነው እንደ ከሰል ተፈረካከሰ። ይኼ ለዓመታት በሽታ የማያውቅ የተባለው ዛፍ ነው?

«ሐጂ፣ ቅድም የመንገዷ ልጅ ያሉኝ ለምንድነው?»

ሐጂ ጠሃ ሳቁ። «እንዴ፣ ስምሽ አይደል! ዶክተሩ ሁሌ ጫማውን አውልቆ ወንዙን ተሻግሮ ነበር የሚመጣው። ከታች ይጀምርና እየቆጠረ ወደ እኛ ይወጣል። አንቺም መጀመሪያ ላይ ከኋላው ነበርሽ። መንገዱ ከወጣ በኋላ ግን ከመኪና ትወርጂና ከላይ ትጀምሪያለሽ። እኔ ለሚስቴ፣ ይቺ ልጅ ጫማዋ እንዳይጨቀይ ነው እላት ነበር፣ ወላሂ!»

ገላና ከት ብሎ ሳቀ። ታቢታ ግን አልሳቀችም። በአንዴ ሁሉም ነገር ፊቷ ድቅን አለ። ከሦስት ዓመት ተኩል በፊት፣ ግንቦት ላይ፣ የቆርቆሮ ቁጥሮቹ ተነቃቅለው ጠፉ፤ ቆራሊዮ ይውሰዳቸው ከብት ይንቀላቸው አልታወቀም። ዶክተሩ አዲስ አበባ ሕክምና ላይ ነበሩ። መንገዱ በዚያው ወር ነው የተጠረገው። ዶፍ ዝናብ ይጥል ነበር። አዲሶቹን ቆርቆሮዎች በፌስታል ይዛ ከመኪና ወረደችና ፊቷ ካገኘችው ዛፍ ላይ አንድ ብላ አሰረች። እስከ ሃያ አራት። ዘጠኝ ክረምት ሙሉ ከወንዝ ስትቆጥር የኖረችው ሴት፣ በዚያች አንድ ቀን ሕጉን ረሳችው። ከዚያ በኋላ ቆርቆሮውን ማየት እንጂ መቁጠር አላስፈለጋትም። ሁለት ዓመት ዝናቡ ቀላል ነበርና ከዛፎቹ አንዱም ብዙ አልታመመም፤ ስለዚህ ልዩነቱ አልታየም። ሦስተኛው ዓመት ከበደ፤ ታየ፤ እሳቸውም አይተው ደወሉ።

ቅርጫቱን ጥላ ወደ ወንዙ ሮጠች። ከታች ተነሥታ እየነካች ቆጠረች። ሰባተኛው ዛፍ ላይ «18» የሚል ቆርቆሮ ተንጠልጥሏል፤ በእሷ እጅ የተጻፈ። ቅርንጫፎቹን አንድ በአንድ ገለበጠቻቸው። አንድም ጥቁር ፍሬ የለም። ወደ ወንዙ ተመልሳ እንደገና ቆጠረች። ያው ነው።

«አትለቅሚም እንዴ?» አለ ገላና ከላይ።

«አልለቅምም። ሐጂ፣ ከሁለቱም ዛፍ ማንም ፍሬ እንዳይነካ ይጠብቁልኝ፣ ማሎ፣ እባክዎ።»

«ባዶ ቅርጫት ይዘን ልንገባ?» ገላና እጁን ራሱ ላይ ጫነ። «ዶክተር ሰሎሜ እኔንም ጨምራ ነው የምትበላኝ።»

ጅማ ሲገቡ ወደ ቢሮ ሳይሆን ወደ ዶክተር ልዑል ቤት እንዲወስዳት ነገረችው። ባለቤታቸው ወይዘሮ የኔነሽ ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው። የባላቸውን ልብስ ለሰው ሊሰጡ ለይተው እንደገና ቁም ሣጥን ውስጥ መልሰው ሲያጥፉ ደረሰች።

«እትዬ የኔነሽ፣ የየቡን ደብተሮች ማየት እችላለሁ?»

«በሳሙናው ካርቶን ውስጥ ናቸው። ምነው ፊትሽ እንዲህ ሆነ? ተቀመጪ እንጂ።»

አልተቀመጠችም። ቆማ ካርቶኑን ፈተሸች። የመጀመሪያው ደብተር የመጀመሪያ ገጽ ላይ የቦታው ንድፍ አለ። ሃያ አራት ነጥቦች፣ ከታች ወንዙ፤ ከወንዙ ወደ ላይ የምትጠቁም ቀስትና «መቁጠር ከዚህ ይጀምራል» የሚል ጽሑፍ። የመጨረሻውን ደብተር ገለጠች። የአምና መስከረም። የእሳቸው ፊደሎች ተንጋደዋል።

«7 ቁጥር 22 ከመቶ? አይመስልም። ቁጥሩ ዞሮ ይሆን? ታቢታን ጠየቅሁ። ከወንዙ ነው ብላለች። እሷ ካለች ነው።»

ታቢታ ደብተሩን እንደያዘች ከመስኮቱ ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ መስኮቱ ተመላለሰች።

«ምን ይላል?» አሉ ወይዘሮ የኔነሽ።

«አውቀውት ነበር፣ እትዬ። ደርሰውበት ነበር። እኔ ነኝ ያሳሳትኳቸው።» ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገረቻቸው።

ወይዘሮ የኔነሽ ያጥፉት የነበረውን ሸሚዝ ጭናቸው ላይ አደረጉ። «እኔ እኮ አስታውሳለሁ» አሉ። «በዚያ ሰሞን ተነሥቼ የቡ ልሂድ እያለ አስቸገረኝ። በዚህ አቅምህ ብዬ ተቆጣሁት። ካንቺ ጋር ከተነጋገረ በኋላ ነው ተኝቶ ያደረው።» ከዚያ ቀና ብለው አዩዋት። «አሁን ልታለቅሺ ከሆነ አልቅሺና ጨርሺ። ግን ሰኞ ምን ልታደርጊ ነው?»

ሰኞ ጠዋት ዶክተር ሰሎሜ በሩን ዝግት አድርጋ አዳመጠቻት። ክፉ ሴት አይደለችም፤ ነገር ግን የተጋበዙት እንግዶች ስም ዝርዝር ጠረጴዛዋ ላይ ነበር፤ የዶክተሩ ፎቶ ያለበት ባነርም ተጠቅልሎ ጥግ ላይ ቆሟል።

«ይኼ ቀላል ነው» አለች። «ትክክለኛው ዛፍ በእጅሽ ነው ያለው። ሂጂና አሥራ ስምንት ከሚለው ላይ ልቀሚ። ማን ያውቃል?»

«ሐጂ ጠሃ ያውቃሉ።»

«ታቢታ!»

«ይቅርታ ዶክተር። ግን ዝም ብለን ብንለቅም፣ ወረቀቱ ላይ ሰባት ነው የሚለው። ለዓመት ሌላ ሰው ይሄድና ሰባት የተጻፈበትን በሽተኛ ዛፍ ይለቅማል። ገበሬው ተክሎ፣ አራት ዓመት ጠብቆ፣ ጥቁር ፍሬ ያገኛል። በዶክተሩ ስም። ደግሞ ትክክለኛው ነው የምለው ዛፍ ሦስት ዓመት በስሙ አልተቆጠረም። አንድ ክረምት በትክክል መቆጠር አለበት።»

«የሦስቱ ዓመት ቁጥር በመጨረሻው ጽሑፋቸው ውስጥ ገብቷል እኮ። በመታሰቢያቸው ቀን ስማቸውን ልታቆሽሺ ነው?»

«ቁጥሩ የእኔ ነው። ስሙም የእኔ ይሁን።»

ዶክተር ሰሎሜ እስክሪብቶዋን ጠረጴዛው ላይ አንከባለለች። «ይኼ በጽሑፍ ሲሆን ወደ ዲሲፕሊን እንደሚያመራ ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ» አለች ታቢታ። ሁለት ልጆቿን፣ ያረጀ አባቷን አሰበች። እንዲህ ቆማ ሳለች ብቻ ነበር፣ በእነዚያ ሁሉ ቀናት ውስጥ፣ ወዲያ ወዲህ የማለት ፍላጎት ያልመጣባት።

«ዘሩ ይቆያል» አለች ኃላፊዋ የእንግዶቹን ዝርዝር ገፋ አድርጋ። «ገበሬዎቹን ግን እኔ አልጋፈጣቸውም። አምስት ደቂቃሽ ያንቺ ነው።»

የመታሰቢያው ቅዳሜ ደረሰና ሐጂ ጠሃ ግቢ ድንኳን ተተከለ። ገበሬዎቹ ዘር መያዣ ፌስታልና ጨርቅ ይዘው መጥተዋል። ወይዘሮ የኔነሽ ጥቁር ለብሰው ፊት ተቀምጠዋል። ታቢታ ስትነሣ ገላና ወደ ኦሮምኛ እንዲያስተረጉም አጠገቧ ቆመ። ስለ መቶ አርባ አራቷ ፍሬ አወራች፤ ሳቁ። ስለ ላጲሱ አወራች፤ ሐጂ ጠሃ ጭብጨባ ጀመሩ። ከዚያ ስለ ቆርቆሮዎቹ፣ ስለ ስልኩና ስለ መልሷ ተናገረች። ገላና አፉን ከፍቶ ዞሮ አያት።

«ይኼንንም ልተርጉመው?» አለ በሹክሹክታ፤ ማይኩ ግን አጎላው።

«ተርጉመው።»

ተረጎመው። ድንኳኑ ውስጥ ማጉረምረም ተነሣ። ከመሐል ማሂራ የምትባል ገበሬ፣ ወፍራም ድምፅ ያላት ሴት፣ ተነሥታ ቆመች። «እና ዘሩስ?»

«የሚቀጥለው ክረምት ይቆጠራል። ንጹሕ ከሆነ ለዓመት በዚህ ጊዜ።»

«ዓመት! እኔ የችግኝ መደብ አዘጋጅቼ፣ ዳስ ሠርቼ ጨርሻለሁ እኮ! በሬ ሳይኖርሽ ቀንበር ጥረቢ ብለሽኝ ነበር በይኛ!»

ሰው ሳቀ፤ ሳቁ ግን ደስ የሚል አልነበረም። ሁለት ሦስት ሰው ባዶ ፌስታሉን ጨብጦ ወጣ። ይኼኔ ሐጂ ጠሃ ከወንበራቸው ሳይነሡ፣ «እኔማ ለሚስቴ፣ የጫማ ነገር ነው ብያት ነበር» አሉ። «ልክ ነበርኩ!» አሁን ማሂራም ሳትወድ ፈገግ አለች። «ለዓመት በባዶ እግርሽ ካልመጣሽ አንቀበልሽም» ብላ ተቀመጠች።

ምሳ ሲቀርብ ወይዘሮ የኔነሽ ታቢታን ወደ ድንኳኑ ጥግ ጠሯት። ከቦርሳቸው የመጨረሻውን ደብተርና ላጲሱ የተቆረጠ እርሳስ አወጡ።

«ልዑል በሕይወት ቢኖር ይኼን ነበር የሚያደርገው። እንኪ።»

«በእሳቸው ደብተር ላይ?»

«የአንቺ ቃል እኮ ነው የተጻፈው።»

ታቢታ ደብተሩን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ «ከወንዙ ነው ብላለች» በሚለው ላይ አንድ ቀጭን መስመር አሰመረች። አጠገቡ «ከመንገዱ ነበር» ብላ ጻፈች፤ ስሟን፣ የኅዳሩን ቀንና ዓመተ ምሕረቱን አደረገች። እርሳሱ ወደሚቀጥሉት ሦስት ቃላት ሄደ። «እሷ ካለች ነው።» ይህንንም ልትሰርዘው እጇ ተዘረጋ፤ ግን ቆመ። ይኼኛው የእሷ ቃል አይደለም። እንዳለ ተወችው።

ሰው እየበላ ሳለ ከገላና ጉጠት፣ ሽቦና አዲስ የቁጥር ቆርቆሮዎች ተቀብላ ወጣች። ቁልቁል ወርዳ ወንዙ ዳር ጫማዋን አወለቀች። ውኃው ቀዝቃዛ ነበር። ተሻግራ፣ ዞራ፣ እሳቸው ይመጡ በነበረበት በኩል ተመልሳ ገባች። የመጀመሪያውን ዛፍ ሃያ አራት የሚለውን ቆርቆሮ ፈትታ አንድ የሚል አሰረችበት። ሁለት። ሦስት። አራት።

ሰባተኛው ጋ ስትደርስ ቆርቆሮውን በእጇ ይዛ ቀረች። ከላይ ገላና ምግቡ ሊያልቅ ነው እያለ ይጮኻል። ታቢታ መልስ ሳትሰጥ ወደ ወንዙ ተመልሳ ሄደችና እንደገና ከአንድ መቁጠር ጀመረች።